ደወል ያልነበረው ድርብ ክፍለ ጊዜ

የሒሳብ መምህራችን መምህር ፈንታው በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሳምንት፣ በሚያስተምሩበት ክፍል ውስጥ ታመው በዚያው ዕለት፣ ጾመኛው ሁሉ ገና እህል ሳይቀምስ፣ ዐረፉ። መርዶውን ያልሰማ በላስታ ያለ አይመስለኝም። ከወገል ጤናና ከፍላቂት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለቀብር ደርሰዋል፤ ያልደረሱትም በስልክ አልቅሰዋል። ሆኖም ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ እንዴት እንደኖሩና እንዴት እንደሞቱ የማውቀውን ለአርባቸው ልጽፍ ተነሣሁ። እኔ መጀመሪያ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ በኋላም እዚያው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ባልደረባቸው ሆንኩ።

የምጽፈው ለሁላችሁም ነው፤ ከሁላችሁም ይልቅ ግን ለአንድ ልጅ ነው። ዲያቆን ምስጋናው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያቸው ነው፣ በሒሳብ እሱን የሚያክል ለብዙ ዓመት አላየንም። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ክፍል መግባት ከተወ ሰንብቶ ነበር። ብሔራዊ ፈተናው እየቀረበ፣ እሱ ግን መምህሩን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሙሾ የሚወጣልኝ ሰው አይደለሁም። ሟችን ማወደስ ብቻ ከተፈለገ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። መምህር ፈንታውን እወዳቸው ነበር። ተቆጥቼባቸዋለሁም፤ ቁጣው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

መምህር ፈንታው የተወለዱት በይምርሐነ ክርስቶስ አቅራቢያ ከገበሬ ቤት ነው። ፊደል የቆጠሩት ከቄስ ዘንድ ሲሆን ዜማ ቤትም ገብተው ነበር። ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት ዘግይተው፣ ከእሳቸው በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጠው ነው። ይህን ሲያነሡ አያፍሩበትም ነበር። እንዲያውም ሒሳብን የማስተምርበትን መንገድ ያገኘሁት ከዜማ ቤት ነው ይሉ ነበር።

እኔ ተማሪ ሳለሁ አንዱ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነበር። ስም ይጠራል፣ የቤት ሥራ ይታያል፣ ሰሌዳ ይጠፋል። መምህር ፈንታው አንዱን ከባድ ጥያቄ ከግማሽ ሲያደርሱት ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ይደወላል። ጠመኔውን እንደያዙ ዘወር ይሉና «በሩን ገና መክፈታችን ነበር» ይላሉ። ቀጣዩ መምህር በር ላይ ቆሟል። በማግስቱ ያቆምንበትን ቦታ ለማስታወስ ብቻ ጊዜው ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ ደወሉ። ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ሁሉ ጥያቄ መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቅም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በተከፈተ ጊዜ ነገሩ ባሰ። ውጤታቸው ላቅ ያሉ ልጆች ተመርጠው በሚማሩበት ልዩ ክፍል የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት መጨረስ ግድ ሆነ። ያን ጊዜ መምህር ፈንታው በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው ለልዩ ክፍሉ ድርብ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው አሉ። ጠዋቱ በሙሉ ለሁለት ትምህርት ብቻ ይከፈል፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ፣ በመሃልም ደወል አይደወል። ብዙዎቻችን ተቃወምን። ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ነገር ላይ አይቀመጥም አልን። አንድ ቀን የቀረ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ይቀርበታል አልን። እሳቸው ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ዜማ ቤት ደወል አልነበረም። መርጌታ አንዷን ቃል እስክናወጣት ድረስ እዚያው ያስቀምጡን ነበር። ያልገባህ ቦታ ላይ ቁም ይሉኛል፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ለሙከራ ብለው ፈቀዱላቸው፤ ውሎ አድሮም ድርቡ ለሌሎቹ ክፍሎች ተዳረሰ።

ድርቡ ምን አመጣ ብትሉ እውነቱን እነግራችኋለሁ። እኔ ራሴ ተቃውሜ ነበር፤ በኋላ ግን በቤተ ሙከራ የጀመርነውን ሥራ ውጤቱን በዚያው ቀን አይተን ስንወጣ ወደድኩት። ልጆቹ ጥያቄን እስከ ጫፉ መሄድ ለመዱ። ሲሳሳቱ ተመልሰው የተሳሳቱበትን የሚፈልጉበት ጊዜ አገኙ። በአንጻሩ ያልገባው ልጅ ሥቃዩ እጥፍ ሆነ። ድሮ አርባ ደቂቃ ታግሦ ይገላገል የነበረው አሁን መውጫ የለውም። ይህን ከሁሉ በፊት ያዩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። «ድርቡ ለገባው ማር ነው፣ ላልገባው እስር ቤት ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከሰሌዳው ይልቅ ከኋላ ወንበሮች መሃል ይበዙ ነበር። ኮታቸው በጠመኔ ነጥቶ፣ ፊቱ ከጠቆረ ልጅ አጠገብ ጠጋ ብለው ይቀመጡና ቀስ ብለው ያዋሩታል።

የቀረውንም አይረሱም። ከገጠር የመጡት ልጆች በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ መንገዱ አልመች ብሎ ሰኞን የሚያጡ ብዙ ናቸው። በድርቡ ሰኞን ማጣት ቀላል አይደለም። መምህር ፈንታው እነዚህን ልጆች ከሰዓት በኋላ ሰብስበው፣ ባዶ ክፍል ካጡ በግቢው አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ የጠዋቱን ትምህርት እንደ አዲስ ይሰጧቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከፍላቂት በኩል የምትመጣ ልጅ በአዝመራ ምክንያት ሳምንቱን በሙሉ ቀርታ ስትመጣ ከክፍሉ ልታቋርጥ ወስና ነበር። ይቆጧታል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን የገብሱ አጨዳ አልቆ እንደሆነ ጠየቋት። አልቋል አለች። «በይ ተቀመጪ፣ የእኛም አጨዳ ገና ነው» አሏት። ያቺ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት።

ደግሞ አንድ ጨዋታ ነበረቻቸው። የድርብ ክፍለ ጊዜ ጨዋታ ናት፤ በአርባ ደቂቃ አትሆንም። ረጅም ስሌት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ሆን ብለው አንድ ስህተት ያስገባሉ። ከዚያ ጠመኔውን ያስቀምጡና ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። «ሌባ ገብቷል» የሚሉበት ጊዜ አለ፣ ምንም የማይሉበትም አለ። ልጆቹ ሌባውን እስኪይዙት ድረስ ቃል አይተነፍሱም። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ያፈጣል። ያገኘም ቶሎ አይናገርም፣ «እሺ ማን ያዘው?» እስኪሉ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ምስጋናው ነበር። እንግዲህ ይህችን ጨዋታ ልብ በሉልኝ።

መምህር ፈንታው የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የንስሐ አባታቸውና እኔ ብቻ እናውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው ይበላሉ፣ በጠዋቱ የዕረፍት ሰዓት ደግሞ መርፌው ስኳራቸውን ከልክ በላይ አውርዶ እንዳይጥላቸው የቤተ ሙከራው ዕቃ ክፍል ገብተው ትንሽ ነገር ይቀምሳሉ። የንስሐ አባታቸው በጾምም እንዲበሉ ፈቅደውላቸው ነበር፣ መፍቀድ ብቻ ሳይሆን አዘዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን ይሸሽጉት ነበር። ለምን ይደብቃሉ ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «እነሱ በባዶ ሆድ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡልኝ፣ እኔ በልቼ እንደቆምኩ ካወቁ በምን አፌ ታገሡ እላቸዋለሁ?» አሉኝ። የሚያምር ንግግር ነው። አሁን ሳስበው ጥርሴን ያስፋጨኛል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዲያቆናቱ ተቸገሩ። በጾሙ ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ የጠዋቱ ሁለተኛ ድርብ ሳያልቅ ወጥተው መሮጥ አለባቸው። ከወጡ የትምህርቱ ዋና ነገር ያመልጣቸዋል። ካልወጡ አገልግሎታቸው ይቀራል፣ ብዙዎቹም የሚኖሩት በዚያው አገልግሎት ነው። ምስጋናው ጓደኞቹን ወክሎ መጣና በጾሙ የዕረፍቱ ሰዓት እንዲቀር ለመነ። የሚበላ ሰው በሌለበት ወቅት ዕረፍት ምን ያደርጋል? እሱ ቢቀር ሁለተኛው ድርብ ቀደም ብሎ ያልቃል፣ ዲያቆናቱም ለቅዳሴው ይደርሳሉ። እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ቀና አሳብ የለም። መምህራኑም ተማሪዎቹም በአንድ ቃል ተስማማን። መምህር ፈንታው ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

እሳቸው ያን ጊዜ መጀመሪያ የአሥራ አንደኛ ክፍልን ድርብ አስተምረው፣ ቀጥለው ወደ ልዩ ክፍሉ ድርብ ነበር የሚገቡት። ከስብሰባው ስንወጣ ለብቻቸው አግኝቼ «እርስዎስ?» አልኳቸው። «ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ስሻገር እጎርሳለሁ» አሉ። መሻገሪያው በጾመኛ ልጆች የተሞላ በረንዳ መሆኑን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ከገበያ ከረሜላ ገዝቼ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተትኩላቸው፣ ላብ ላብ ካለዎት ወዲያው ይህን ያድርጉ አልኳቸው። ሣቁብኝ። «አንቺ ደግሞ፤ በጾመኛ ልጅ ፊት ከረሜላ ላላምጥልሽ ነው?»

በመጻጉዕ ሳምንት ያ ሆነ። የሆነውን የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠይቄያለሁ። መምህር ፈንታው ወደ ልዩ ክፍሉ ሲገቡ ትንሽ ደክሟቸው ነበር፤ ለልጆቹ የጾም ድካም መሰላቸው። ረጅም ስሌት ጀመሩ። ከመሃል ላይ እጃቸው ዘገየ፣ አንዱን የመደመር ምልክት መቀነስ አድርገው ጻፉት። ጠመኔውን አስቀመጡ፣ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ።

ልጆቹም ሌባውን መፈለግ ጀመሩ።

ምን ያህል ጊዜ እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም። ያን መጠየቅ አልቻልኩም። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሁሉም ሰሌዳ ሰሌዳውን ያይ ነበር። አንዷ ልጅ ቀና ስትል ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል ብሎ አየች። ያን ጊዜም ልጆቹ ጾሙ ጥሏቸው ነው ብለው አሰቡ። ለጾመኛ ምግብ አይሰጥም፣ ጣፋጭማ ጭራሽ አይታሰብም። ምስጋናው ቦርሳው ውስጥ ጠበል ነበረው። ፊታቸውን አበሰላቸው፣ ከንፈራቸውን አራሰላቸው፣ እንደ ዲያቆን የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ከረሜላው ሽፋኑ እንኳ ሳይከፈት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

እኔ ከዚያ ጥቂት በሮች ራቅ ብዬ የራሴን ድርብ እያስተማርኩ ነበር። በድሮው አሠራር ቢሆን በዚያ መሃል ቸርኬው ይደወላል፣ መምህራን በረንዳው ላይ እንገናኛለን፣ ፊታቸውን አያለሁ። ደወል ግን አልነበረም። ልጆቹ ደወሉ ቀርቶ እንዲማሩ የፈለጉት እሳቸው ነበሩ፣ በጾሙ ዕረፍቱን ያስቀረነው ደግሞ ሁላችን ነን። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አይናገሩም ነበር። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። የቻሉትን ሁሉ አደረጉላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አልነቁም።

በቀብሩ ማግስት ሰው መፍረድ ጀመረ። ድርቡ ነው የገደላቸው የሚል ወላጅ መጣ። የለም፣ ልጆቹ ናቸው የሚል ሌላ መጣ። ለሰሚ የሚከብድ ነገር ተወራ፤ ያን ሁሉ ምስጋናው ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልታየም።

ከፋሲካ በኋላ ሄጄ አገኘሁት። ከሌሎች የቆሎ ተማሪዎች ጋር በሚኖርባት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ወንበር የምታህል ድንጋይ በነጠላው ጠርጎ አስቀመጠኝ። ስለ ፈተናው አወራሁት። ስለ ጓደኞቹ አወራሁት። በኋላ ራሱ ጀመረ።

«ቲቸር፣ ሌባውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። እንደጻፉት ነው ያየሁት። ሲጠይቁ እናገራለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

በዚህም አላበቃም።

«በጠበሉ ፈንታ ስኳር ባቀምሳቸው ይድኑ ነበር?»

ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ብዋሸው ያውቃል። ምናልባት ይድኑ ነበር አልኩት። ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት፦ ኪሳቸው ውስጥ ስለነበረው ከረሜላ፣ ስለ ዕቃ ክፍሉ፣ ስለ ንስሐ አባታቸው ትእዛዝ፣ ይህን ሁሉ ለምን እንደደበቁ። ከረሜላውን የሰማው ያን ቀን ነው። «ታዲያ ምነው አልነገሩን?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ቁጣውን ስሰማ ትንሽ ቀለለኝ። ልጅ በራሱ ላይ ብቻ ከሚቆጣ በመምህሩም ላይ ቢቆጣ ይሻላል። እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቃቸው አልኩት። ስነሣ እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝም። ብቻ ድርቡ ቀረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልቀረም፣ አሁን ግን በመሃል ደወል አለው አልኩት።

ባለፈው ሐሙስ በልዩ ክፍሉ ድርብ ላይ ነበርኩ። በመስኮቱ በኩል ምስጋናው የግቢውን በር ገብቶ ሲመጣ አየሁት። ወደ ክፍል አልመጣም። ቸርኬው ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ሄዶ ከሽማግሌው ጥበቃ አጠገብ ቆመ። ሰዓቱ ሲደርስ ብረቱን ከሽማግሌው እጅ ለምኖ ተቀበለና ደወለ። በየክፍሉ በር ተከፈተ፣ መምህራኑ በረንዳው ላይ ወጥተን እርስ በርሳችን ፊት ለፊት ተያየን። ምስጋናው ብረቱን መልሶ ሰጠ። ዕረፍቱ ሲያልቅ ከሌሎቹ ጋር ገብቶ በቦታው ተቀመጠ። ፈተናውን ያልፍ እንደሆነ አላውቅም፤ ያመለጠው ብዙ ነው።

መምህር ሆይ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ያጣውን በሽተኛ ታስባለች። እርስዎ ግን ሰው ነበረዎት። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበረዎት፤ ራሱን ሸጦ ስኳር የሚገዛልዎት ልጅ አጠገብዎ ነበር። አንዲት ቃል ቢነግሩት ይበቃው ነበር። ያልገባህ ቦታ ላይ ቁም ብለውናል፤ እኔ ይሄ አልገባኝም፣ እዚያው ላይ ቆሜያለሁ። ቁጣዬን ይቅር ይበሉኝ፣ ወይም አይበሉኝ፣ ፍቅሬን ግን ያውቁታል።

ወይዘሮ ጥሩዬን አንተዋቸውም። ሰኞ የቀሩትን ልጆች ከሰዓት በኋላ በየተራ እናስተምራቸዋለን፣ የአጥሩ ጥግ ድንጋይም ባዶ አይሆንም። አፈሩ ይቅለልዎ፣ ያስተማሯቸው ሁሉ በጸሎታቸው ያስቡዎት። መምህር፣ ደወሉ ተደውሏል። አሁን ወጥተው ይብሉ።